መውጫ የሌለው መንገድና የከተማ ጤና

ስለ ንጽሕና ሲነገር የብዙ ሰው አሳብ ወዲያው የሚሄደው ወደ ሳሙናና ወደ ውሃ፣ ወደ መጥረጊያና ወደ ቆሻሻ መጣያ ጉድጓድ ነው። ይህ አሳብ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ሙሉ አይደለም። አንድ ቤተሰብ ቤቱን በየቀኑ እየጠረገ፣ ልብሱን እያጠበ፣ የሚጠጣውን ውሃ እያፈላ ቢኖር እንኳ፥ ከደጁ የሚነሣው መንገድ ወዴትም የማያሳልፍ ከሆነ ጤናው በሙሉ ተጠበቀ ሊባል አይቻልም። ቆሻሻውን የሚያነሣው ጋሪ በጊዜው አይደርስለትም፤ በምጥ የተያዘችውን እናት የሚወስደው አምቡላንስ ከሩቅ ይቆማል፤ እሳት ቢነሣም የእሳት አደጋ መኪና ከመንገዱ አፍ ላይ ቆሞ ጢሱን ከማየት በቀር የሚረዳው ነገር አይኖርም። እንግዲህ የመንገድ አቀማመጥ የመሐንዲስ ሥራ ብቻ ሳይሆን የጤና ጥበቃም ሥራ ነው ማለት ነው።

ይህንን ነገር በምክር ብቻ ከማስረዳት በአንዲት ከተማ ላይ የደረሰውን መተረክ ይሻላል። በሕንድ አገር የምትገኘው ትንሿ የቡጅ ከተማ፥ መንገዶቿ ጠባብና ዝግ ከመሆናቸው የተነሣ ምን እንዳገኛት፥ ከዚያም በኋላ ወደ ሜዳው በተበተነች ጊዜ ምን ዐይነት ሌላ ችግር እንደ ገጠማት፥ ከዚህ ቀጥሎ እንገልጻለን። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት፥ «ዓ.ም.» ከተባለው ከአንዱ በቀር፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከተማዪቱና አሮጌው ሰፈሯ

ቡጅ በሕንድ ምዕራባዊ ዳርቻ፣ በጉጅራት ግዛት፣ ካች በሚባለው አውራጃ ውስጥ ትገኛለች። ካች በስፋቱ ከሕንድ አውራጃዎች ሁሉ የሚበልጥ ሲሆን፥ አገሩ ደረቅና ሙቀታም፥ ዝናቡም አነስተኛ ነው። በ2011 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ የቡጅ ነዋሪዎች ከ140,000 በላይ ነበሩ። በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ የሚኖርባቸው ከተሞች በበዙባት በሕንድ አገር ይህች ከትንንሾቹ የምትቆጠር ናት።

ከተማዪቱን በ1510 የቆረቆራት ራኦ ሀሚርጂ የተባለው ገዥ ነው። በ1549 ደግሞ ቀዳማዊ ራኦ ኬንጋርጂ የካች ዋና ከተማ አደረጋት። ከዚያም በ18ኛው መቶ ዓመት ዙሪያዋ በድንጋይ ግንብ ታጠረ፤ ለግንቡም አምስት ታላላቅ በሮችና አንድ ትንሽ በር ተበጀለት። ከከተማዪቱ አጠገብ ሀሚርሳር የተባለው ሐይቅ ይገኛል። ሐይቁ ዝናብ በበዛበት ዓመት ሞልቶ ሲፈስ የከተማው ሕዝብ ሥራውን አቁሞ በዓል ያደርጋል። ውሃ ብርቅ በሆነበት አገር የውሃ መሙላት የጤናና የሕይወት ምልክት መሆኑን ሕዝቡ ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋልና።

በግንቡ ውስጥ የነበረው ሰፈር የተሠራው እንደ ዛሬው በፕላን አልነበረም። በዘመድና በሙያ የሚቀራረቡ ሰዎች በአንድ ላይ ሰፍረው ፋሊያ የሚባለውን መንደር ይመሠርታሉ። ከዋናው መንገድ አንዲት ጠባብ መተላለፊያ ትገባለች፤ በቤቶቹ መካከል እየተጠማዘዘች ትሄድና ከአንድ ግቢ ወይም ከአንድ ግድግዳ ስትደርስ ታበቃለች። የገባ ሰው የሚወጣው በገባበት በኩል ብቻ ነው።

ይህ አሠራር ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። ከግራና ከቀኝ የሚቆሙት ቤቶች ለመተላለፊያዋ ጥላ ስለሚሰጧት፥ በበጋ ሐሩር ጊዜ እንኳ ሰው ሳይቃጠል ይሄድባታል። መንገደኛ ስለማያልፍባት ልጆች ያለ ሥጋት ይጫወቱባታል፤ ሌባም ቢገባ ሳይታይ ሊወጣ አይችልም። ጎረቤት ጎረቤቱን ያውቃል፤ የታመመ ቢኖር ወዲያው ይሰማል። እነዚህን ጥቅሞች አቃልሎ መመልከት ተገቢ አይሆንም።

ይሁን እንጂ ዘመኑ በገፋ ቁጥር ሕዝቡ በዛ፤ ቤቱም በሁለትና በሦስት ፎቅ ወደ ላይ አደገ። ከአሮጌዎቹ ቤቶች ብዙዎቹ በድንጋይና በጭቃ የተገነቡ ነበሩ። ከፍታቸው ከመተላለፊያው ስፋት እጅግ የሚበልጥ ሆኖ ሳለ፥ ግድግዳው ቢወድቅ ሰው በየት በኩል ይወጣል ብሎ ያሰበ አልነበረም።

ጥር 18 ቀን 1993 ዓ.ም.

ይህ ቀን በአውሮፓ አቆጣጠር ጃንዋሪ 26 ቀን 2001 ነው። ዕለቱ ዓርብ ሲሆን፥ ሕንድ የሪፑብሊክ በዓሏን የምታከብርበት ቀን ነበር። ከጧቱ በ2 ሰዓት ከ46 ደቂቃ ላይ በካች ምድር ኀይሉ 7.7 የሆነ የመሬት መንቀጥቀጥ ደረሰ። በይፋ በተነገረው ቁጥር መሠረት በጉጅራት ግዛት የሞቱት ሰዎች 13,800 ያህል ሲሆኑ፥ የቆሰሉት ከ160,000 በላይ ነበሩ።

ከቡጅ በስተ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በአንጃር ከተማ የደረሰው ኀዘን ለአንባቢ ሊነገር ይገባዋል። በዚያን ጧት የትምህርት ቤት ልጆች በዓሉን ለማክበር ባንዲራ ይዘው ከመምህሮቻቸው ጋር በሰልፍ በከተማው ጠባብ መንገድ ላይ ያልፉ ነበር። መሬቱ በተናወጠ ጊዜ ከግራና ከቀኝ የነበሩት ቤቶች በላያቸው ወደቁ። መንገዱ ጠባብ ስለ ነበረ የሚሸሹበት ሜዳ፥ የሚያመልጡበትም መስቀለኛ መንገድ አልነበረም። በዚያ ሰልፍ ላይ 185 ተማሪዎችና 20 መምህራን ሞቱ። በስማቸው የቆመው መታሰቢያ በ2022 በአንጃር ተመርቋል።

በቡጅም በግንቡ ውስጥ የነበሩት ጠባብ መተላለፊያዎች በፍርስራሽ ተሞሉ። መንገዱ የት እንደ ነበረና ቤቱ የት እንደ ነበረ ለመለየት የማይቻልበት ቦታ ብዙ ነበር። በፍርስራሽ ሥር የተቀበረን ሰው ሕይወት ለማዳን ከሁሉ የሚበልጠው ነገር ጊዜ ነው። በሕይወት ከሚወጡት የሚበዙት በመጀመሪያው ቀን የሚወጡት ናቸው፤ የሚያወጧቸውም አብዛኛውን ጊዜ ጎረቤቶቻቸው ናቸው። ነገር ግን ጎረቤት በእጁ ሊያነሣ የማይችለውን ድንጋይ የሚያነሣው መኪና አፉ በተዘጋ መንገድ ሊገባ አይችልም። አንዱ ፍርስራሽ ካልተነሣ ወደ ሁለተኛው መድረስ አይቻልም፤ መንገዱ ሌላ መግቢያ የለውምና።

ከዚህ በላይ ደግሞ የከተማው ዋና ሆስፒታል ራሱ ፈረሰ። ቁስለኞቹ በሜዳ ላይ ይታከሙ ጀመር፤ የቀይ መስቀል ማኅበርም የድንኳን ሆስፒታል አቆመ። በፈረሰው ፈንታ የተሠራው አዲስ ሆስፒታል በ2004 ተከፈተ፤ መሠረቱም የመሬት ንውጽውጽታ እንዳይጎዳው በላስቲክና በእርሳስ በተሠሩ ትራሶች ላይ እንዲያርፍ ተደርጓል። ይህ እጅግ የሚያስመሰግን ሥራ ነው። ሆኖም ሆስፒታሉ ጸንቶ ቢቆምና በሽተኛው የሚመጣበት መንገድ ቢዘጋ፥ የሆስፒታሉ መቆም ለዚያ በሽተኛ ምን ይረባዋል?

በእርግጥ በዚያን ቀን ሰውን በመጀመሪያ የገደለው የቤቱ አሠራር ነው። ቤቶቹ ጠንክረው ቢሠሩ ኖሮ ብዙ ሕይወት በተረፈ ነበር። ነገር ግን ከመፍረሱ በኋላ ሊድን ይችል የነበረውን ሰው ሞት ካበዙት ምክንያቶች አንዱ የመንገዱ መዘጋት ነው።

ዝግ መንገድ በየቀኑ የሚያደርሰው ጉዳት

የመሬት መንቀጥቀጥ በሰው ዕድሜ አንድ ጊዜ ቢመጣ ነው፤ ምናልባትም ላይመጣ ይችላል። ዝግ መንገድ ግን በየቀኑ በዝግታ የሚያደርሰው ሌላ ጉዳት አለ።

የመጀመሪያው የርቀት ጉዳት ነው። ሁለት ቤቶች ጀርባ ለጀርባ ተሠርተው በመካከላቸው 20 ሜትር ብቻ አለ እንበል። ነገር ግን እያንዳንዱ በየራሱ ዝግ መተላለፊያ ውስጥ ከሆነ፥ ከአንዱ ወደ ሌላው ለመድረስ እስከ ዋናው መንገድ ወጥቶ፣ ዞሮ፣ እንደ ገና መግባት ያስፈልጋል፤ መንገዱም 800 ሜትር ሊሆን ይችላል። ጤነኛ ሰው ይህን በ10 ደቂቃ ያህል ይሄደዋል፤ ሽማግሌ፣ ነፍሰ ጡርና ሕፃን የታቀፈች እናት ግን ወደ ክትባት ወይም ወደ ምርመራ ለመሄድ ነገ ዛሬ እያሉ ይቀራሉ። የከተማ ፕላን ዐዋቂዎች የአንድን ሰፈር መንገድ ጥራት የሚመዝኑት በዚሁ ነው። በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ውስጥ ስንት መስቀለኛ መንገድ እንዳለ፣ ከመንገዶቹ ጫፎች ስንቶቹ ዝግ እንደ ሆኑ፣ በእግር የሚኬደውም ርቀት አሞራ ከሚበርበት ርቀት ስንት እጥፍ እንደሚሆን ይቆጥራሉ።

ሁለተኛው የቆሻሻ ጉዳት ነው። ወዲያና ወዲህ በሚያሳልፍ መንገድ የሚሄድ የቆሻሻ ጋሪ በአንድ ጫፍ ገብቶ በሌላው ይወጣል። በዝግ መንገድ ግን 150 ሜትር የገባው ጋሪ ያንኑ 150 ሜትር ተመልሶ ይወጣል። ድካሙ እጥፍ በመሆኑ ሠራተኛው ከአፉ ላይ ቆሞ መጥራትን ይመርጣል፤ ወደ ውስጥ ያሉት ቤቶች ደግሞ ቆሻሻቸውን ከመንገዱ መጨረሻ ካለው ጥግ ላይ መጣል ይለምዳሉ። በዚያ ጥግ ዝንብና አይጥ ይራባሉ፤ ውሃ ሲጠራቀምም ትንኝ ይፈለፈላል።

ሦስተኛው የውሃ ጉዳት ነው። የውሃ ቧንቧ ብዙውን ጊዜ መንገድን ተከትሎ ስለሚቀበር፥ መንገዱ ዝግ ሲሆን ቧንቧውም ዝግ ይሆናል። ከዝግ ቧንቧ ጫፍ ላይ ውሃው እንደ ልብ ስለማይንቀሳቀስ ዝቃጭ ይከማቻል፤ ውሃውን ከተሕዋስያን የሚጠብቀው ክሎሪንም ኀይሉ ይደክማል። መንገዶች እርስ በርሳቸው ከተያያዙ ግን ቧንቧዎቹም እንደ ቀለበት ሊያያዙ ይችላሉ፤ አንዱ ቢሰበር ውሃው በሌላው በኩል ይመጣል። በተለይም እንደ ብዙዎቹ የሕንድ ከተሞች ውሃ በቀን ጥቂት ሰዓት ብቻ በሚለቀቅበት ቦታ፥ ውሃው በተቋረጠ ጊዜ ባዶው ቧንቧ በስንጥቁ በኩል ከአጠገቡ ያለውን የፍሳሽ ውሃ ሊስብ ይችላል። ከዚህም ተቅማጥና የአንጀት ተስቦ ይመጣል።

አራተኛው የሰውነት እንቅስቃሴ ጉዳት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ባወጣው መመሪያ እያንዳንዱ ዐዋቂ ሰው ቢያንስ በሳምንት 150 ደቂቃ ሰውነቱን በመጠኑ እንዲያንቀሳቅስ ይመክራል። ይህን ምክር ለመፈጸም ከሁሉ የሚቀለው ወደ ገበያ፣ ወደ ሥራና ወደ ጸሎት ቤት በእግር መሄድ ነው። ነገር ግን መንገዱ ዙሪያ ጥምጥም ከሆነ ሰው ከመራመድ ይልቅ መሳፈርን ይመርጣል። ከእንቅስቃሴ ማነስ ጋር የደም ግፊት፣ የስኳር በሽታና የልብ ሕመም እየበዙ መሄዳቸው የታወቀ ነው።

ቀድሞ በቦምቤይ የተፈጸመ ስሕተት

መንገድን ለጤና ሲባል ማስፋት በሕንድ አገር አዲስ ነገር አይደለም። በ1896 በአይጥ ቁንጫ የሚተላለፈው ቸነፈር ወደ ቦምቤይ በገባ ጊዜ ብዙ ሕዝብ አለቀ። በ1898 የከተማዪቱን አሠራር የሚያሻሽል መሥሪያ ቤት ተቋቁሞ፥ የባሕር ነፋስ ወደ ተጨናነቁት ሰፈሮች እንዲገባ በማለት በመካከላቸው ሰፋፊ መንገዶችን ማውጣት ጀመረ። አሳቡ መልካም ነበር። ነገር ግን ቤታቸው የፈረሰባቸው ድኾች በቂ መጠለያ ስላልተዘጋጀላቸው በአጠገቡ ወዳሉት ሰፈሮች ሄደው በአንድ ክፍል ውስጥ ከፊተኛው ይልቅ ተጨናነቁ። መንገዱ አየር አገኘ፤ ሰዎቹ ግን አላገኙም።

በ1914 ወደ ሕንድ የመጣው ስኮትላንዳዊው ፓትሪክ ጌዲስ ይህን የመሰለውን አሠራር ነቅፏል። የእርሱ ምክር ሰፈሩን በሙሉ ከማፍረስ ይልቅ እንደ ብልህ ቀዳጅ ሐኪም የታመመውን ቦታ ብቻ መርጦ መቍረጥ፣ ሁለት ዝግ መተላለፊያዎችን በአንድ ትንሽ ክፍተት ማገናኘት፣ የተረፈውን ቤትም ማደስ የሚል ነበር። ስለ ኢንዶር ከተማ በ1918 ባቀረበው ሰፊ ጽሑፍም ይህን አሳብ በዝርዝር አስረድቷል።

ቡጅ መንገዷን እንዴት እንደ ከፈተች

ከመሬት መንቀጥቀጡ በኋላ ከተማዪቱን ጨርሶ ወደ ሌላ ቦታ ማዛወር ይሻላል የሚል አሳብ ተነሥቶ ነበር። በመጨረሻው ግን አሮጌው ሰፈር በዚያው በስፍራው እንደ ገና እንዲሠራ፥ መንገዶቹም እንዲሰፉና እንዲያያዙ ተወሰነ። ለዚህ ሥራ መሣሪያ የሆነው በ1915 በቦምቤይ ከወጣው የከተማ ፕላን ሕግ የተወለደውና በጉጅራት በ1976 በወጣው ሕግ የጸናው የቦታ ማስተካከያ ዘዴ ነው።

ዘዴው እንዲህ ነው። መንግሥት መንገድ የሚያልፍበትን ሰው ብቻ ለይቶ ቦታውን አይወስድም። የአንድ ሰፈር ቦታዎች በሙሉ በካርታ ላይ እንደ አንድ ቦታ ይታያሉ፤ መንገዱ ይነደፋል፤ ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ባለቦታ ከይዞታው ጥቂት ጥቂት ሰጥቶ የቀረው ቦታ ቅርጹ ተስተካክሎ በዚያው በሰፈሩ ይመለስለታል። በቡጅ ግንብ ውስጥ የነበረው ሰፈር በስምንት ክፍል ተከፍሎ ይህ ማስተካከያ ተደረገለት። እጅግ ትንንሽ የሆኑት ቦታዎች አልተነኩም፤ ከፍ ያሉት ጥቂት ሰጡ፤ ከሁሉ ሰፋፊ የሆኑት ግን እስከ አንድ ሦስተኛ ያህል ሰጡ። ንድፉ ለሕዝብ እየታየ ባለቦታዎች ተቃውሟቸውን አቀረቡ፤ ንድፉም በዚያ መጠን ታረመ።

በዚህም ዝግ የነበሩት ብዙዎቹ መተላለፊያዎች ተከፈቱ፤ ጠባቦቹም ሰፉ። መንገዱ ከተቀየሰ በኋላ የውሃ ቧንቧና የፍሳሽ መውረጃ ተከትሎት ገባ። አምቡላንስና የእሳት አደጋ መኪና ቀድሞ ወዳልደረሱበት ቦታ መድረስ ቻሉ።

ሥራው ግን ያለ ቅሬታ አልተፈጸመም። ንድፉ እስኪያልቅ ድረስ በግንቡ ውስጥ ቤት መሥራት ስለ ተከለከለ ሕዝቡ ለረጅም ጊዜ በጊዜያዊ መጠለያ ለመቆየት ተገደደ። ማስተካከያው ቦታ ባላቸው ላይ የተመሠረተ በመሆኑ ተከራዮች ከሁሉ ኋላ ቀሩ። መንገዱ ሲሰፋ የቀድሞው ጥላ ተቀነሰ፤ መኪና በፍጥነት ሊነዳበት በሚችልበት ቦታም የልጆች መጫወቻ ጠበበ። ስለዚህ መስፋት ብቻውን ጤና ነው ማለት አይቻልም። ለእግረኛ ክፍት፣ ለጋሪና ለአምቡላንስ የሚበቃ፣ ዛፍ ያለው፣ መኪናን ግን ቀስ እንዲል የሚያስገድድ መንገድ ከሁሉ የተሻለ ነው።

ወደ ሜዳው የተበተነችው ከተማ

ሁሉም ሰው ወደ አሮጌው ሰፈር አልተመለሰም። ከመሬት መንቀጥቀጡ በኋላ በከተማዪቱ ዳር፥ በሙንድራ መንገድ በኩል፣ በራዋልዋዲና በሌሎችም ቦታዎች አዳዲስ ሰፈሮች ተቀየሱ። በእነዚህ ቦታዎች መንገዱ ቀጥና ሰፊ ነው፤ ቤቶቹም ተራርቀው የተሠሩ በመሆናቸው ቢናወጡ እንኳ በመንገዱ ላይ አይወድቁም። የፈሩ ሰዎች በዚያ መኖርን ቢመርጡ የሚያስደንቅ አይደለም።

ነገር ግን አንዱን ጉዳት ሲሸሹ ሌላ ጉዳት መጣ። አዲሱ ሰፈር በውስጡ መንገዱ ቢያያዝም፥ ከገበያው፣ ከሥራው ቦታና ከቀድሞው ጎረቤት ራቀ። ቀድሞ በእግሯ ወርዳ አትክልት ትገዛ የነበረች ሴት አሁን በእኛ አገር በሠሪው ኩባንያ ስም ባጃጅ በሚባለው ባለሦስት እግር ተሽከርካሪ መሳፈር አለባት፤ ገንዘብ የሌላት እንደ ሆነ ጉዞውን ትተወዋለች። ሽማግሌ ብቻውን ይቀራል። ቤቶቹ በተራራቁ መጠን ለአንድ ቤት የሚያስፈልገው የውሃ ቧንቧ፣ የፍሳሽ መውረጃና የቆሻሻ ጋሪ ጉዞ ይረዝማል፤ የማዘጋጃ ቤቱ ገንዘብ ግን አብሮ አይረዝምም።

ሌላም ሊዘነጋ የማይገባው ነገር አለ። ሀሚርሳር ሐይቅን የሚሞሉት በዙሪያው ካለው ከፍታ የሚወርዱት የዝናብ ውሃ ቦዮች ናቸው። ከተማዪቱ ወደ ሜዳው በሰፋች ጊዜ ቤትና መንገድ በአንዳንዶቹ ቦዮች ላይ ተሠራ። ቦዩ ሲዘጋ ውሃው ወደ ሐይቁ መሄዱን ትቶ በሰፈሩ መካከል ይተኛል፤ የትንኝ መራቢያም ይሆናል። ለመጠጥና ለጉድጓድ የሚጠቅመው ውሃ ስፍራውን በመሳቱ ብቻ የበሽታ ምንጭ ሆነ ማለት ነው።

ይህ ችግር የቡጅ ብቻ አይደለም። በ2020 የታተመ አንድ ጥናት የዓለምን ከተሞች መንገዶች በካርታ መርምሮ ነበር። በሕዝብ ብዛት ቀዳሚ ከሆኑት 134 አገሮች መካከል በ90 ከመቶው፥ ከ1975 ወዲህ በአዳዲስ ሰፈሮች የተሠሩት መንገዶች ከፊተኞቹ ይልቅ እርስ በርሳቸው የማይገናኙ ሆነው መገኘታቸውን አረጋግጧል። ጥናቱ ያስገነዘበው ሌላው ቁም ነገር፥ አንድ ጊዜ የተቀየሰ መንገድ በቀላሉ የማይለወጥ መሆኑን ነው። ቤት ይፈርሳል፣ ይሠራል፤ ባለቤት ይሞታል፣ ይሸጣል፤ የመንገዱ መሥመር ግን ለልጅ ልጅ ይተላለፋል። ቡጅ ከአራት መቶ ዓመት በላይ ይዛው የኖረችውን መሥመር የለወጠችው በከባድ ጥፋት ምክንያት ነው።

ከዚህ የምናገኘው ምክር

ከዚህ በላይ ከተነገረው በየትኛውም ሰፈር የሚኖር ሰው ሊፈጽመው የሚገባውን በአጭሩ እናመለክታለን።

1ኛ፤ ከቤትህ እስከ ዋናው መንገድ በስንት በኩል መውጣት እንደሚቻል ከቤተሰብህ ጋር ሆነህ ቁጠር። መውጫው አንድ ብቻ ከሆነ፥ እሱ ቢዘጋ ልጆች ወዴት እንደሚሮጡ አስቀድመህ ንገራቸው።

2ኛ፤ አጥርህን ስትሠራ ወይም ስታድስ ወደ መተላለፊያው አትግፋ። አንድ ክንድ ቦታ ለአንተ ትንሽ ትርፍ ነው፤ ለቃሬዛ ግን በማለፍና ባለማለፍ መካከል ያለ ልዩነት ነው።

3ኛ፤ በመተላለፊያ ላይ ድንጋይ፣ አሸዋ፣ እንጨትና አሮጌ ዕቃ አታከማች። ለግንባታ ያመጣኸውን ዕቃ በተቻለ ፍጥነት ወደ ግቢህ አስገባ።

4ኛ፤ ሁለት ዝግ መተላለፊያዎች ጀርባ ለጀርባ ተገናኝተው በመካከላቸው አጥር ወይም ባዶ ቦታ ብቻ ካለ፥ ጎረቤቶች ተመካክረው ለእግረኛ የምትበቃ ማለፊያ እንድትከፈት ማዘጋጃ ቤቱን ይጠይቁ። ለእግረኛ መክፈት ለመኪና መክፈት ማለት አይደለም፤ የሰፈሩ ጸጥታ አይጠፋም።

5ኛ፤ ከዝግ መንገድ መጨረሻ ያለው ጥግ የቆሻሻ መጣያ እንዳይሆን በተራ ጠብቁት። ቆሻሻውን ጋሪው ወደሚደርስበት ቦታ በተወሰነው ሰዓት አውጡ።

6ኛ፤ የዝናብ ውሃ በሚወርድበት ቦይ ላይ ቤትም፣ አጥርም፣ መጸዳጃም አትሥራ። ቦዩ በበጋ ደርቆ ቢታይም ክረምት ሲመጣ መንገዱን ይፈልጋል።

7ኛ፤ ከቧንቧው መጨረሻ የሚገኝ ቤት ያለው ሰው፥ ውሃው ተቋርጦ ሲመለስ በመጀመሪያ የሚወርደውን ደፍራሽ ውሃ ለመጠጥ አያድርገው፤ ከጠራም በኋላ አፍልቶ ይጠጣ።

8ኛ፤ አዲስ ሰፈር በሚቀየስበት ጊዜ ስለ ቦታው ስፋት ብቻ አትጠይቅ። ትምህርት ቤቱ፣ ጤና ጣቢያውና ገበያው በእግር ስንት ደቂቃ እንደሚያስኬድ፥ መንገዱም ከአሮጌው ሰፈር ጋር በስንት በኩል እንደሚገናኝ ጠይቅ።

የቡጅ ሕዝብ ለመንገዱ ከቦታው ቆርሶ መስጠቱ ቀላል ነገር አልነበረም። ቤቱ የፈረሰበትና ዘመዱን የቀበረ ሰው የቀረችውን ቦታ ቀንስ ሲባል ልቡ ምን እንደሚለው መገመት አያዳግትም። ሆኖም እያንዳንዱ ከሰጠው ጥቂት ቦታ የጎረቤቱ መውጫ ተሠራ፤ ጎረቤቱም ከሰጠው የእርሱ መውጫ ተሠራ። ይህ ሁሉ የሆነው ግን ከጥፋቱ በኋላ ነው። አባቶቻችን ሳይቃጠል በቅጠል ይላሉ። አንዲት ማለፊያ ለመክፈት የጎረቤቶች ስምምነትና የአንድ ቀን ሥራ የሚበቃ ሲሆን፥ ምድር እስክትናወጥ ድረስ መጠበቅ አያስፈልግም። ዛሬ ማታ ወደ ቤትህ ስትገባ መተላለፊያህን በአምቡላንስ ነጂ ዐይን ተመልከታት፤ የሚያግድ ነገር ብታገኝ ሳታድር አንሣው።